አሮጌው ኮምፒውተር የሚያውቀው

መዝጋቢዋ የምትሠራበት ኮምፒውተር ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። ሌላ ሰው ቢሆን ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር፤ እሷ ግን አንድም ቀን ተማርራበት አታውቅም። ጠዋት ትገባለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ሻርፗን ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣል ታደርጋለች። ከዚያ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ትቀመጣለች። ማሽኑ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያንኮራፋል። ስክሪኑ መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። ከታች ካለው የሰዓት ጥገና ሱቅ የብዙ ሰዓቶች ድምፅ እርስ በርሱ ሳይገጥም በወለሉ በኩል ይመጣል። ያቺ ጊዜ እንቅልፍም አይደለች፣ ንቃትም አይደለች። ከቀኑ ሁሉ የምትወዳት እሷን ነበር።

የቢሮው ሥራ የወንዙን ከፍታ መመዝገብ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ድልድይ ሥር፣ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም የብረት ዘንግ ውሃው ውስጥ ቆሟል። የድልድዩ ዘበኛ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ወርዶ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር ያነብና ይደውልላታል። ዘበኛው ስለ ወንዙ የሚያወራው ስለ ጎረቤቱ ሴትዮ እንደሚያወራ ሰው ነው። አንዳንድ ቀን "ዛሬ ተኝታለች" ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ "ከማን ጋር እንደተጣላች እንጃ፣ ፊቷ ጠቁሯል" ይልና ቁጥሩን ይነግራታል። እሷ ቁጥሩን ታስገባለች፤ ፕሮግራሙ ትናንት ካቆመበት ጫፍ አንስቶ ሰማያዊ መስመር ይስባል። መስመሩ ከላይ ወደተሰመረው ቀይ መስመር ሲጠጋ ወደ ታችኛው ሰፈር ትደውላለች። የዚያ ሰፈር ሰዎች ፍራሻቸውን ጠቅልለው ቁምሳጥን ላይ ይሰቅላሉ፤ ልጆቻቸውንና ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይወጣሉ።

ፕሮግራሙን የጻፉት አማቷ ናቸው። እሷ የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት በጸሐፊነት ስትቀጠር መዝጋቢው እሳቸው ነበሩ። ቁጥር ሰምቶ ዝም ብሎ አለማመንን፣ ደግሞ መጠየቅን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ውሎ አድሮ ልጃቸውን አገባች። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ወንበራቸውን ያዘች። "መጀመሪያ ቤቱን ወረሰች፣ ቀጥላ ወንዙን" እያሉ የቢሮው ሰዎች ይቀልዱባት ነበር። ጡረታ የወጡ ዕለት አማቷ ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚጽፈውን ሰላምታ ቀየሩላት። ለራሳቸው ብለው የጻፉት "እንደምን አደርክ? ወንዙስ?" የሚለው፣ "እንደምን አደርሽ? ወንዙስ?" ማለት ጀመረ። ሌላ ስጦታ አልሰጧትም፤ እሷም ሌላ አልፈለገችም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስታነበው ኖራለች።

የዝናቡ ወራት ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ሐኪሙ መጣ።

ሐኪሙ እንኳ ሐኪም አይደለም። የየመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር እየዞረ የሚጠግን፣ ሃምሳ ዓመት የተጠጋው፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ስሙን ያወጡለት ጥቁር ቦርሳ ስለሚይዝና የተበላሸ ኮምፒውተር ፊት በቆመ ቁጥር ባለቤቱን "ምን ይሰማዋል?" ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። የዚያን ዕለት ግን አልጠየቀም። በእጁ ደብዳቤ ነበር።

ደብዳቤው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ነው። የሁሉም ኮምፒውተር ሲስተም በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ አዲሱ እንዲቀየር፣ ያልተቀየረ ማሽን ከኔትወርኩ እንዲቆረጥ ያዛል። ሐኪሙ ነገሩን በቀላል አማርኛ አስረዳት። የአሮጌው ሲስተም ሠሪዎች ማደሳቸውን ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍንለት የለም። አምና በሌላ ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ቫይረስ ገብቶ የአሥር ዓመት መዝገብ ድራሹን አጥፍቶታል። ይህን ሲነግራት ስለሞተ ዘመድ የሚያወራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ችግሩ አንድ ነበር። የአማቷ ፕሮግራም በአዲሱ ሲስተም ላይ አይሠራም። በምትኩ ዋናው መሥሪያ ቤት ለሁሉም ያሠራው አዲስ ፕሮግራም ይገባል።

"የተቀመጠው ቁጥርስ?" ብላ ጠየቀችው።

"ቁጥሩ አይጠፋም። እኔ ነኝ የማሻግረው። የሚቀረው ፕሮግራሙ ብቻ ነው።"

ያላትን ምርጫም ዘረዘረላት። መቀየር ይቻላል። ወይም አሮጌውን ከኔትወርኩ ነቅሎ ለብቻው ማቆየት ይቻላል፤ ያኔ ግን ማስጠንቀቂያውን በስልክ ካልሆነ በሌላ መንገድ መላክ አትችልም፤ ማሽኑም አንድ ቀን ከተኛበት አይነሳም። በእሱ በኩል ከሆነ አሁኑኑ ቢቀየር ይመርጣል። የቢሮው ኃላፊ ደግሞ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነውና ደብዳቤውን አየት አድርጎ፣ የምትሠራበት አንቺ ነሽ፣ አንቺው ወስኚ ብሎ ነገሩን ከራሱ ላይ አወረደ።

መዝጋቢዋ ጥቂት ቀን ስጡኝ አለች። ለምን እንዳለች እሷም በቅጡ አታውቀውም። ሐኪሙ ያለው ሁሉ ልክ ነበር። ልቧ ግን ሁለት ሆነባት። በነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ስትጠብቅ ዓይኗ እየፈዘዘ ሰማያዊው መስመር ከስክሪኑ ወጥቶ በጠረጴዛው ላይ፣ በፋይሎቹ መካከል፣ በበሩ ሥር ሲሄድ ይታያት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ተቀምጣ እንዳለች እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። በሕልሟ ቢሮው ውሃ ሥር ነበር። ውሃው ንጹሕ ነው፣ አይቀዘቅዝም፤ ወረቀቶቹ ተነስተው ቀስ እያሉ ይዋኛሉ። አማቷ በአሮጌው ወንበራቸው ተቀምጠው ኪቦርዱን ይነካካሉ፤ ከእያንዳንዱ ፊደል ትንሽ አረፋ ይወጣል። ምን እየጻፉ ነው ብላ ጎንበስ ስትል ስልኩ ጮኸና ባነነች። ዘበኛው ነበር። "ዛሬም ተኝታለች" አላት።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሙን ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀችው። ከመቀየሩ በፊት አዲሱ ሲስተም ያለበትን ሌላ ኮምፒውተር አምጥቶ ከአሮጌው ጎን ያስቀምጥላት፤ ያንኑ የሠላሳ አንድ ዓመት ቁጥር ለሁለቱም ይስጣቸውና ሁለቱም ይሳሉት፤ ከዚያ ትወስናለች። ሐኪሙ ትንሽ ፈገግ አለ። "ሙሽራ ሳትታይ አልድርም እያልሽ ነው" አላት። በማግስቱ ግን ማሽኑን ተሸክሞ መጣ።

ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን አደረጉ። የአዲሱ ፕሮግራም መስመር አረንጓዴ ነው። ቁጥሩ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መሳል ጀመረ፤ ዝናብና በጋ፣ ሙላትና ጉድለት እየተከታተሉ አለፉ። ሐኪሙ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ስክሪን ላይ ደራረባቸውና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ብሎ ስለተኛ ሰማያዊው አይታይም ነበር። ዓመታቱ በዝምታ ሲያልፉ ሁለቱም ፈዘው ያያሉ። መዝጋቢዋ የተቀጠረችበት ዓመት አለፈ። ያገባችበት ዓመት አለፈ። ከዚያ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት፣ በትልቁ ጎርፍ ማብቂያ ላይ፣ ከአረንጓዴው ሥር የነበረው ሰማያዊ መስመር ድንገት ብቅ አለ። ከፍ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ተመልሰው አልገጠሙም። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጎን ለጎን እየሄዱ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እኩል ተራርቀው ቀሩ።

ሐኪሙ ለካው። አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ነው።

መጀመሪያ አዲሱ ፕሮግራም ተሳሳተ ብሎ ቁጥሮቹን መረመረ፤ አልተሳሳተም። ቀጥሎ አሮጌውን ፕሮግራም ከፍቶ የተጻፈበትን ያነብ ጀመር። ከታች ያሉት ሰዓቶች ሁለት ጊዜ ከደወሉ በኋላ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አቆመ። ያ መስመር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ቁጥር ሁሉ ሲሳል አሥራ አራት ይጨመርበት ይላል። ምክንያት አልተጻፈበትም። ዘበኛው የነገራት ቁጥር እንዳለ ይቀመጣል፤ ሲሳል ግን ማንም ሳያውቅ አሥራ አራት ይደመርበታል።

"እንግዲህ ወይ ስህተት ነው፣ ወይ ሆን ተብሎ ነው" አለ ሐኪሙ። "የጻፉት ጋሼ ናቸው። መጠየቅ ይቻላል?"

"ቤቴ ነው ያሉት" አለች።

ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። አሥራ አራቱ ስህተት ከሆነ፣ የታችኛውን ሰፈር ሰዎች አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቢሮው በማይመጣ ውሃ ሲያስደነግጣቸው ኖሯል ማለት ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ አዲሱ ፕሮግራም ብቻውን ቢገባ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ውሃው ደጃፍ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰፈር አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ማለት ከበሩ መድረክ እስከ አልጋው ጠርዝ ያለው ነው።

አማቷ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ማለዳ ወጥቶ አመሻሽ ላይ ይገባል። አንዲት ሴት ልጃቸው ነርስነት ልትማር ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ቀን ቀን ቤቱ የሽማግሌው ብቻ ነው። ጎረቤት ሴትዮ ምሳቸውን ታቀርብላቸዋለች። በመንገድ በኩል ባለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። ማስታወሳቸው ሲመጣና ሲሄድ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንዳንድ ቀን ጋዜጣ አንብበው ይከራከራሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ልጃቸውን "ቤተሰብህ ደህና ናቸው?" ብለው በእንግድነት ይጠይቁታል። ባሏ አባቱን ከሚያስጨንቅ ነገር ሁሉ ሊከልላቸው ስለሚፈልግ፣ ነገሩን ስትነግረው ባትጠይቃቸው እንደሚመርጥ ገለጸላት። እሷም ባትጠይቃቸው ትመርጥ ነበር። ግን ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ቀድታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ እጃቸው ላይ አርፏል። "አባባ፣ አሥራ አራት ሲባል ምን ትዝ ይልዎታል?" አለቻቸው።

ረጅም ጊዜ አሰቡ። ልጃቸው አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ብስክሌት እንደገዙለት ነገሯት። ከዚያ አሥራ አራት ቁጥር ቤት ውስጥ ትኖር ስለነበረች አንዲት ዘፋኝ አጫወቷት፤ ድምፅዋን ለመስማት መንገድ አሳብረው ይሄዱ እንደነበር። መዝጋቢዋ ስለ ዘንጉ፣ ስለ ፕሮግራሙ ጠየቀቻቸው። ፊታቸው ደመነ። "እሱን እንኳ ልጅቷን ጠይቂያት" አሏት፤ "እኔ ወንበሩን ከለቀቅሁ ቆየሁ። አሁን ልጅቷ ናት የምትይዘው። ጎበዝ ናት።"

ልጅቷ እሷው እንደሆነች አልነገረቻቸውም። ሻዩን አነሳች።

እሑድ ማለዳ ባሏ ተከራክሮ ተሸነፈና ሦስቱም በታክሲ ወደ ድልድዩ ሄዱ። ጉም ነበር። መንገዱ ዳር ያሉት ዛፎች ግንዳቸው ብቻ ይታያል፤ ከላይ ያለው በነጭ ተውጧል። ድልድዩ ላይ ሲወርዱ የወዲያ ማዶው ጫፍ አይታይም ነበር፤ የትም የማያደርስ ድልድይ ይመስል ነበር። ዘበኛው ከጎጆው ወጥቶ ሽማግሌውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። በድሮው ዘመን አብረው ብዙ ዝናብ አሳልፈዋል። "ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ሲመጡ ሰምታ ነው መሰለኝ ድምፅ የላትም" አላቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ማን እንደሆነ ማወቃቸውን ግን ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

ባሏ በአንድ ክንዳቸው፣ ዘበኛው በሌላው ይዘዋቸው በድንጋይ ደረጃው ወረዱ። ውሃው በጉሙ ሥር ዝም ብሎ ይሄዳል። ዘንጉ ከደረጃው መጨረሻ አንድ እርምጃ ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ሽማግሌው ሁለቱንም ሰዎች ሳይታወቃቸው ለቀቁና እጃቸውን ዘርግተው ብረቱን ያዙት። እንዲህ ይዘውት ቆዩ። መዝጋቢዋ ከኋላቸው ባለው ደረጃ ላይ ሆና የአንገታቸውን ነጭ ፀጉር ታያለች። ምን ያህል እንደቆዩ ኋላ ስትጠየቅ መናገር አልቻለችም። አንድ ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ሩብ ሰዓትም ሊሆን ይችላል።

"ግንድ ነው የነቀለው" አሉ።

ድምፃቸው የድሮው ድምፃቸው ነበር፤ በቢሮ ውስጥ ቁጥር የሚያርሙበት። ባሏ ሊናገር ሲል ክንዱን ያዝ አደረገችው።

"ጎርፉ ገና አልወረደም። ግንድ መጥቶ ዘንጉን መታው። ሰፈሩ ያለ ቁጥር ሊያድር ነው። መልሼ ስተክለው ጭቃው አልይዝ አለኝ፤ ከሥሩ ድንጋይ አስገባሁ። ቆመ። ውሃው ሲጎድል መጥቼ አየሁት። ድንጋዩ ከነበረበት ከፍ አድርጎታል። እዚያ፣ ድልድዩ እግር ላይ የድሮ ምልክት አለ፤ ከሱ ጋር ለካሁት። አሥራ አራት። ዘንጉ ከፍ ስላለ ውሃው ሁልጊዜ አንሶ ነው የሚነበበው።"

"ለምን አልተናገሩም፣ አባባ?"

"በጋ ሲገባ ነቅዬ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበራ። እስከዚያ ፕሮግራሙ ይጨምርልኝ ብዬ። በጋ ሲገባ እሷ ታመመችብኝ።"

እሷ ያሏት ሚስታቸው ናቸው። ባሏ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። እናቱ የሞቱት በዚያ በጋ ነው። መዝጋቢዋም ያን ጊዜ ልጇን ወልዳ ቤት ስለነበረች የቢሮውን ነገር አታውቅም ነበር።

"ከዚያ ሲቆይ ከበደኝ" አሉ ሽማግሌው። "ሰው ሁሉ ቁጥሬን ያምናል። የተንጋደደ ነገር ተክዬ ዝም አልኩ ብዬ እንዴት ልናገር? አንድ ዓመት አለፈ፣ ሁለት ዓመት አለፈ። መስመሩ ልክ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ልክም ነበር።" ከዚያ ዞር ብለው አዩዋት፤ አወቋትም። "አንቺ ማወቅ ነበረብሽ። ወንበሩን ስሰጥሽ ልነግርሽ ነበር። አፍሬ ነው።"

"አሁን ነገሩኝ" አለች።

"ጻፊው እንግዲህ። በኔ ስም ጻፊው።"

ደረጃውን ወጥተው ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ጉሙ መግፈፍ ጀምሮ ነበር። ልጃቸው መስኮቱን ዝቅ ሲያደርግላቸው ሽማግሌው፣ ይህ ወንዝ ስሙ ማን ይባላል ብለው ጠየቁት።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ የሰማውን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀላሉን መንገድ አሳያት። አዲሱ ፕሮግራምም መደመር ያውቃል። አሥራ አራቱን እሱ ውስጥ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሲስተሙ ይቀየራል፣ መስመሩም ልክ ይሆናል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት አያውቅ፣ ማንም አይጠየቅ። ሽማግሌውም በስተርጅና ስማቸው በደብዳቤ አይዞርም። ሐኪሙ ይህን ያለው በተንኮል አልነበረም። ይወዳቸው ነበር፤ ወደዚህ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው።

ባሏም ማታ እራት ላይ ያንኑ ነበር የፈለገው። በአባቱ ስህተት አንድም ሰው እንዳልተጎዳ፣ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው በመጨረሻ ስሙ በዚህ እንዲነሳ እንደማይገባ አስረዳት። ጮኾ አልተናገረም፤ ልመና ነበር የሚመስለው። "ደግሞ ነገ ብትጠይቂው ጻፊው ማለቱንም አያስታውስም" አላት።

"እሑድ ግን ያስታውሱ ነበር" አለችው።

ያን ሌሊት ተኛች እንጂ አልተብሰለሰለችም። ጠዋት ስትነሳ ነገሩ ውስጧ ረግቶ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍታ ጉንጯን ደግፋ ስትጠብቅ ያሰበችው ስለ አማቷ አልነበረም፤ ከሷ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ አንድ ሰው ነው። ፊቱን አታውቀውም። አንድ ቀን የዛሬው አዲስ ሲስተም ያረጃል፤ አንድ ሐኪም ጥቁር ቦርሳ ይዞ ይመጣል። ያ ሰው እንደሷ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ባይመጣለትስ? የሚጠይቀው ሽማግሌ ቤቱ ውስጥ ባይኖርስ? ማንም የማያውቀው አሥራ አራት ከማሽን ወደ ማሽን እየተሻገረ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ታችኛው ሰፈር ላይ ነው።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። እንደምን አደርሽ? ወንዙስ? አላት። ቁጭ ብላ ደብዳቤውን ጻፈች። አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። የሆነውን በቀኑ፣ በልኩ፣ ያለ ሰበብ አስቀመጠችው። ማን እንደተከለ፣ ለምን ድንጋይ እንደገባ፣ መስመሩ እስከ ዛሬ ልክ የነበረው በማን ብልሃት እንደሆነ ጻፈች። የአማቷን ስም ሙሉውን አሰፈረችው። ቀጥላ የራሷን ጨመረች፤ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራበት አለመጠየቋንም አልደበቀችም። መጨረሻ ላይ ሲስተሙ እንዲቀየር መወሰኗን፣ ግን ዘንጉ በባለሙያ ተለክቶ እስኪስተካከል ድረስ በአዲሱ ፕሮግራም ላይ አሥራ አራቱ በግልጽ፣ ምክንያቱ ተጽፎበት እንዲደመር ጠየቀች። ለባሏ አስቀድማ አነበበችለት። ሁለቴ አስነበባት። "ሰበብ የለውም ብለሽ ሰበቡን ሁሉ ጽፈሽለታል" አላት። እሷም ፈረመችበት።

ሲስተሙ የተቀየረው ሐሙስ ቀን ነው። ሐኪሙ ቁጥሩን ሁሉ አሻገረ፤ ከዚያ አሮጌውን ማሽን ሊዘጋ ጣቱን ካስቀመጠ በኋላ አንስቶ፣ አንቺ ዝጊው አላት። ዘጋችው። ማንኮራፋቱ ቀስ እያለ ቀጠነና ቆመ፤ ክፍሉም ያልለመዱት ጸጥታ ወረሰው። አዲሱ በሃያ ሰከንድ ተነሳ። ሰላም አላላትም። የይለፍ ቃል ጠየቃት።

ዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤው ከደረሰው በኋላ አንድ ሳምንት ተኩል ዝም አለ። ባሏ በነዚያ ቀናት ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀና ይል ነበር። በመጨረሻ ደብዳቤ ሳይሆን ሰዎች መጡ፤ ሁለት የቅየሳ ባለሙያዎች፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ይዘው። ዘበኛው ወደ ድልድዩ እግር ወስዶ የድሮውን ምልክት አሳያቸው። ሻጋታውንና ጭቃውን ፍቀው አገኙት። ቀኑን ሙሉ ሲለኩ ዋሉ። ልዩነቱ አሥራ ሦስት ተኩል ሆኖ ተገኘ፤ ግማሽ ሳንቲ ሜትሩን ዘንጉ በዓመታት ክብደቱ ሰምጦ አስተካክሎታል። ዘንጉን ነቅለው በሲሚንቶ አቆሙት። ከሥሩ ያወጡትን ድንጋይ ዘበኛው ተቀበላቸውና ጎጆው ደጃፍ ላይ አስቀመጠው፤ እስከ ዛሬ ይቀመጥበታል። ባለሙያዎቹ ከዚያ ወደ ላይ ሄደው በወንዙ ላይ ያሉትን ሌሎች ዘንጎችም ለኩ። አንደኛውን ደግሞ ስምንት ሳንቲ ሜትር ተንጋዶ አገኙት። ስለሱ የሚያውቅ፣ የሚደምርለትም አልነበረም። ቅጣት የሚባል ነገር አልመጣም። ስለ ሽማግሌው የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ላደረጉት ገለጻ ይመሰገናሉ ይላል።

ዝናቡ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ዘበኛው እኩለ ቀን ላይ ሳይጠበቅ ደወለ። ተረጋግቶ ነበር የተናገረው፤ "ተነስታለች" አለ፣ ቁጥሩንም ነገራት። አስገባችው። አረንጓዴው መስመር ሽቅብ ወጥቶ ቀዩን ሊነካ ጥቂት ቀረው። ማስጠንቀቂያው በአንድ ጊዜ ለሁሉም ደረሰ፤ እሷ ግን እንደድሮው ስልኳንም አነሳች። አመሻሽ ላይ ውሃው የታችኛውን ሰፈር ጎዳናዎች ሸፈነ። ደጃፍ ያለፈው በጥቂት ቤቶች ነው፤ ያገኘውም ባዶ ወለል ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነበሩ።

ወሬውን ለአማቷ የነገረቻቸው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ነው። ከመጀመሪያው አንስታ ነገረቻቸው። አንድ መዝጋቢ ነበር፣ ጎርፍ መጣ፣ ግንድ ዘንጉን ነቀለው አለቻቸው። አቋርጠው አላስቸገሯትም። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። ሚስቱ ታመመች ስትል ከንፈራቸውን መጠጡ። እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነበር የሚሰሙት።

"ኋላ ተናገረ?" አሏት።

"ተናገረ።"

"ደግ አደረገ" አሉ። ጥቂት ቆይተው ወደሷ ዘንበል አሉና፣ "ማነው ግን? አውቀዋለሁ?" ብለው ጠየቋት።

"እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

ሽማግሌው ቀኝ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው መዳፉን ገልብጠው አዩት፣ መልሰውም አዩት። ከዚያ ያንኑ እጅ ወደ ሻይ ብርጭቆው ሰደዱት። ብርጭቆው ገና ይሞቅ ስለነበር አልጠጡትም፤ ይዘውት ተቀመጡ።